ከኮባው ስር ያልነበረው ሥጋ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህችን ዘልያታለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ፈሪ ነኝ፤ ከዚሁ ጀምሩ።

በበዴሳ አጠገብ ሁለት መንደሮች ነን፤ የሚለየን አንድ ወንዝ ነው። በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በሬው ታርዶ ቅርጫው ከተከፋፈለ በኋላ ወጣቱ እየጨፈረ ከመንደር መንደር ይሻገራል። ሁለቱ ጭፈራዎች ወንዙ ዳር ሲገናኙ በግጥም መወራረፍ ወግ ነው። የዚያን ቀን በግጥም የተነካ አይቀየምም ይባላል። ይባላል!

አልታዬ የማዶው መንደር ሰው ነው። የቅርጫውን ሥጋ በየመደቡ ሲያካፍል ዓይኑ ሚዛን ነው ይሉታል። የእኛም ሰዎች እኔ እያለሁ እሱን ከማዶ ያስጠሩት ጀመር። በሬውን የማርደውና የምገፈው እኔ፣ ሥጋውን የሚደለድለው እሱ። ምን በደለኝ? ምንም። እንዲያውም «ጋሼ፣ ይህች ትበቃለች ይላሉ?» እያለ በሰው ፊት ያከብረኝ ነበር። ያ ነው የባሰ ያንገበገበኝ።

አንድ ዓመት ሰልፉ ወደ ወንዙ ሲወርድ፣ በዘፋኛችን በላንቃሞ ጆሮ ስር ገብቼ አንዲት ስንኝ አቀበልኩት። ትርጉሟ «ለሰው የደለደለውን አየን፤ ለራሱ ከኮባው ስር ያስቀረውንስ?» ነው። ሥጋው ከሚደለደልበት ኮባ ስር ምንም አልነበረም። እዚያ ሥጋ ያኖረው የእኔ ቃል ነው። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። ላንቃሞ አወጣ፣ ሕዝቡ ተቀበለ፣ ማዶውም ሳቀ። አልታዬም አብሮ ሳቀ፤ ፊቱን ግን አይቼዋለሁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በዓመቱ ማንም አልጠራውም፤ የገዛ መንደሩም ሌላ ሰው አቆመ። ስንኟን ልጆች ለመዷት። ዛሬ የሞተር ታክሲ ነጂው ሁሉ በስልኩ ይዟት ይዞራል።

እኔስ? እኔ ሽማግሌ ተባልኩ። የተጣላ ሳይታረቅ ጊፋታን አይሻገርምና፣ ዛፍ ስር ተቀምጬ «በሆዱ የያዘ ይናገር» የምለው እኔ ነኝ። በየዓመቱ! ራሴ ልናገር ስል፣ ያስታረቅሁት ሁሉ የሚፈርስ ይመስለኛል። ሰበብ ነው። ወጥመዱን የሠራሁትም እኔ፣ የተያዝሁበትም እኔ።

ዘንድሮ አልታዬ መጣ። ሸብቷል። ሰው እስኪበተን ጠብቆ ፊቴ ቆመ።

«ጋሼ፣ ላንቃሞ ሊሞት ሲል ያ ቃል የእኔ አይደለም ብሎኛል። የማን እንደሆነ አልነገረኝም። እርስዎ ያውቁ ይሆን? ልከሰው አይደለም። ዕድሜዬ ሄዷል፤ ይቅር ብዬው ልሻገር ነው።»

«እንጃ፣ ወንድሜ» አልኩት።

እንጃ! እጅ ነስቶኝ ሄደ።

መጀመሪያ ስሙን ቀማሁት፤ አሁን ደግሞ ይቅር ማለቱን። የፊተኛውን ቅናት አሠራኝ እንበል። የኋለኛውንስ? ዘንድሮ ሲጠይቀኝ እኮ ማንም አልነበረም፤ እሱና እኔ ብቻ ነበርን። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ባለቤቱ ማዶ አለ። ወንዙም ከጉልበት አያልፍም።