ከአቦከር እስከ ኤረር በር፦ የራፕ ኮከብ ፍለጋ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ያለችው የስፒከር መጠገኛ ሱቄ ውስጥ፣ እኔና ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ፕሮዲዩሰር ቁጭ ብለን ሐናንን እንጠብቃለን። ማይኩን ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ሐናን ግን የለችም... ስልኳም ዝግ ነው።

ሐናን የልጅነት ጓደኛዬ የረምዚ ልጅ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔና ረምዚ ደግሞ በጊዜያችን ራፐሮች ነበርን። (አትሳቁ!) እኔ አባቴ ወታደር ሆኖ ተመድቦ የመጣ የካምፕ ልጅ፣ እሱ የጀጎል ልጅ። ሱሪያችን ሁለት ሰው ይይዛል። በአማርኛ እንጀምራለን፣ በሐረሪኛ እናሞቀዋለን፣ መሳደብ ሲያምረን ወደ ኦሮምኛ እንዞራለን። አንዱ ዘፈናችን በካሴት እየተገለበጠ ሐረርን አዳርሶ ነበር። ከዚያ ትዳር መጣ፣ ኑሮ መጣ... እሱ ጨርቅ ነጋዴ ሆነ፣ እኔ ስፒከር ጠጋኝ።

ሱቄ የሚመጣ ጎረምሳ ሁሉ ከእኔ የሚሰማው ስብከት አንድ ነው። የዛሬ ልጆች የራፕ ኮከብ የማይወጣቸው ሰነፎች ስለሆኑ ነው። የአሥራ አምስት ሰከንድ ቪዲዮ ይለቁና በቃ፣ አርቲስት ነን ይላሉ። አንድ ሙሉ ዘፈን በቃሉ የሚወጣ የለም!

ሐናን ግን ሌላ ናት። አንድ ቀን ማይክ ስሞክር ነጥቃኝ ስትለቀው ፀጉሬ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ይህን ፕሮዲዩሰር ሦስት ወር ሙሉ ለመንኩት። ለዘመዱ ሰርግ ሐረር መምጣቱ አይቀርም ነበርና አንድ ሰዓት ሰጠኝ። አሥር ሰዓት ላይ ወደ ድሬዳዋ አየር ማረፊያ መነሳት አለበት። ለሐናን ስነግራት «ኢንሻአላህ» አለችኝ። እኔም ሐረር ተወልጄ አድጌ እንኳ «እሺ» ያለች መሰለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ረምዚ ጋ ደወልኩ።

«ልጅህ የት ገባች?»

«አፎቻ አላት አቦ! ኤረር በር ጋ፣ የጓደኛዋ ሰርግ ነው።»

«ዛሬ?! ሰውዬው እኮ ሱቄ ተቀምጧል!»

«ታዲያ ከአፎቻ ይቀራል እንዴ? ይሄ ለአንተ ይነገራል?»

ለማታውቁት... አፎቻ የሐረሪዎች የሰርግና የለቅሶ ማኅበር ነው። የሴቶቹ ለብቻ፣ የወንዶቹ ለብቻ። ሴቶቹ በሚዘፍኑበት ቤት ወንድ ድርሽ አይልም።

ሰውዬውን እየጎተትኩ ባጃጅ ውስጥ ከተትኩት። ኤረር በር ወርደን ጠባቡን ቅያስ በእግር ገባን። የሰርጉ ቤት በር ላይ የማውቃቸው እማማ ሩቂያ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ ስልክ የተከመረበት ሰፌድ አለ። ውስጥ ሴቶቹ ሻርፓቸውን አውልቀው ስለሚጨፍሩ፣ ሙሽራም ብትሆን ስልክ ይዛ አትገባም።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? እባክዎ ሐናንን ይጥሩልኝ፣ በጣም ቸኩለናል።»

«አልሐምዱሊላህ። አትጠራም፣ እየዘፈነች ነው።»

«ሁለት ደቂቃ ብቻ...»

«ወንድዬ፣ ከበሩ ዞር በል!»

ዞር አልኩ። ያኔ ነው ከቤቱ ግንብ ጀርባ የሰማኋት።

ከበሮው ይመታል፣ የእንጨት ማጨብጨቢያው ይቀበለዋል፣ ከላዩ ላይ የሐናን ድምፅ በሐረሪኛ ራፕ ይንደቀደቃል። እኔ ሐረሪኛዬ የመንገድ ነው፤ ግን ገባኝ። የሙሽራዋን እናት ጠራች። ያሳደገቻትን አክስት ጠራች። ሙሽራዋ በልጅነቷ ሆስፒታል ስትተኛ አብራት ያደረችውን ጎረቤት ጠራች። ሁሉንም በስማቸው! በየስሙ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ይቀበላሉ፣ እልል ይላሉ። ቤቱ በሙሉ ሲስቅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ አንዷ ስታለቅስ ሰማሁ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ... አንድ ቃል አልሳተችም።

ፕሮዲዩሰሩ ስልኩን አውጥቶ ወደ ግንቡ ዘረጋ። እማማ ሩቂያ ሰፌዱን ወደ እሱ አስጠጉ። እሱም ስልኩን ክምሩ ላይ አስቀመጠ።

«ለመሆኑ እማማ፣ ይሄ ምን ያህል ተመልካች አለው?» አላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምን ተመልካች አለው? ሁሉም ይዘፍናል።»

አሥር ሰዓት ሞላ። ስልኩን ተቀብሎ ሄደ። ሲሄድ «ይቺን ልጅ እንዳታጣት» ብቻ አለኝ።

ሐናን ሻርፗን እያስተካከለች፣ ላብ በላብ ሆና ወጣች።

«ጋሼ! ሰውዬው ሄደ?»

«ሄደ። አውቀሽ ነው የቀረሽው?»

«ወላሂ አውቄ ነው። ሙሽራዋ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፣ ነገ ጅግጅጋ ትሄዳለች። ለእሱ ሌላ ቀን እዘፍንለታለሁ። ለእሷ ግን ሌላ ቀን የለም።»

ቆጨኝ... ዕድል እንዲህ በየቅዳሜው አይመጣም። ደግሞ ኮራሁባት፣ ዓይኔ እንባ እስኪያቅር ኮራሁባት። እኔ በእሷ ዕድሜ ብሆን ኖሮ ሙሽራዋን ትቼ ነበር የምሮጠው።

«ታዲያ ኮከብ መሆን አትፈልጊም?»

«እንዴት አልፈልግም አቦ! አብሽር፣ አሁኑኑ ደውልለት። ግን ብቻዬን አልሄድም።»

«ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?»

በአገጯ ወደ በሩ ጠቆመችኝ። ውስጥ አርባ የሚሆኑ ሴቶች ገና እያጨበጨቡ ነው።

«ተቀባይ ከሌለ ለማን ነው የማወጣው?»

ደወልኩለት። መኪና ውስጥ ሆኖ አነሳው።

«ስቱዲዮህ ስንት ሰው ይይዛል?» አልኩት።

«አራት። ቢጣበቡ አምስት።»

ለካ ኮከብ የጠፋው ልጆቹ ሰንፈው አይደለም... ስቱዲዮው ጠብቦ ነው!