ጋኔኑ ስለ ሥራዬ የመሰከረ ዕለት

በደርግ ጊዜ ነው፤ ሞላሌ ድንጋዩ ጋቢ የሚለምንበት የታኅሣሥ ብርድ ላይ። ሰው «ሥራ እንዴት ነው?» ሲለኝ ትከሻዬን የሚበርደኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ፕሮግራም እጽፍ ነበር። የሞላሌዋን ልጅ አስካለን ለማግባት ሽማግሌ ብልክ፣ አባቷ መምሬ ጥላሁን «ሥራውን ራሱ መጥቶ ይንገረኝ» አሉ።

ሄጄ ነገርኳቸው። ትንሽ አሳምሬ።

«ማሽኑ ቤት ያህላል። ጫማዬን አውልቄ፣ በሩን ዘግቼ እገባለሁ። ሰው በማያነበው ቋንቋ ትእዛዝ እጽፍለታለሁ፤ እሱም ይፈጽማል። አንዲት ነጥብ ከሳትኩ ያብዳል።»

መምሬ አማተቡ። «ይኸ የሚታዘዝልህ በዓይን ይታያል?»

«አይታይም አባ፣ ውስጥ ነው።»

«በል ጋኔን ትስባለህ! ልጄን ለአስማተኛ አልሰጥም!»

ብምል ብገዘት አልሰሙኝም። «ጠበል ግባና ይልቀቅህ፤ ያኔ እንነጋገራለን።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በቁምጣ ጠበሉ ሥር ቆምኩ። የመጀመሪያው ውሃ ሲወርድብኝ ነፍሴ ወጥታ ማዶ ዘመሮ ከተማ ደርሳ ተመለሰች። መምሬ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው «ተናገር! የት ያዝከው?» ይላሉ። የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ጋኔኑን ይጠብቃል። እሱ ካልተናገረ ደግሞ እኔ አልወጣም።

«ቢሮ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ምን ታደርገዋለህ?»

«ምን አደርገዋለሁ! መከራ የማየው እኔ! ምሳ አይበላ፣ ፀሐይ አያይ! ማሽኑ እንዳይሞቀው እኛን በብርድ ይፈጁናል! አለቃው ትናንት ያዘዘውን ዛሬ አላዘዝኩም ይላል! እሑድ ዐረፍን ስንል ስብሰባ!»

«ውይ፣ ምስኪን!» አለች አንዲት ሴት።

መምሬም ድምፃቸው ለስለስ አለ። «ታዲያ ለምን አትለቀውም?»

«ማሽኑ እሺ ያለው ዕለት ደስታው ያስቀናላ!»

«በቃ ተወው፤ ውጣ!»

«ወጣሁ!»

እልልታው ቀለጠ። መምሬ በጋቢያቸው ሲጠቀልሉኝ ጆሮዬ ሥር፣ «ልጄ፣ ጋኔን ያማረረውን ሥራ ከቻልክ የአስካለ አመል አያቅትህም» አሉኝ። ሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣው አለቃ ሁሉ ስለ ሥራዬ ጠይቆኛል፤ መልሴ «ደህና ነው» ነው። የልቤን የተናገርኩት ያን ጧት ብቻ ነው። የተናገርኩት እኔ ልሁን እሱ ዛሬም አልለየሁም፤ ብቻ ወደ አዲስ አበባ የተመለስኩት ሸክሙ እንደተራገፈለት አህያ ቀሎኝ ነው።

አስካለ ግን አምሽቼ በገባሁ ቁጥር «አባባ ቸኩለው ነው እንጂ ጋኔኑ ገና አለ» ትለኛለች።