ብስክሌቴ ግመል ላይ ተጭና ቆቦ የገባችበት ቀን

አርባ አንድ ዓመት በሞላኝ በወሩ ብስክሌተኛ ለመሆን ወሰንኩ። ውሳኔው የእኔ ብቻ አይደለም፤ ግማሹ የስልኬ ነው። አንድ ቀጭን ፈረንጅ በቪዲዮ ብቻውን ተራራ ለተራራ ሲነዳ አያለሁ። ከኋላው ውሃና መለዋወጫ የጫነ መኪና እንደሚከተለው ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው።

በዚያ ሰሞን ከቆቦ እስከ ዋጃ የብስክሌት ውድድር ሊደረግ ነው ተብሎ ነበር። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ሜዳ። ለሜዳ ውድድር ልምምዴን ዞብል ተራራ ላይ ማድረግ ብልህነት መሰለኝ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። አስራ አምስት ዓመት ሙሉ ያንን ተራራ በጠመኔ እየሳልኩ ስለ ከፍታ አስተምሬያለሁ። አንድም ቀን ግን ወጥቼው አላውቅም።

የምነሳበት ቀን የእረፍትም የገበያም ቀን ነበር። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። የለበስኩት ቁምጣ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ነው።

"እንዲህ ሆነህ ነው በገበያው መሃል የምታልፈው?"

"ነፋስ ይቀንሳል።"

"ነፋሱስ ይቀንስ፤ ሰዉን ምን ልታደርገው ነው? በል ዳቦ ያዝ። የጎማ መንፊያውንም እንዳትረሳ።"

ዳቦውን ያዝኩ። መንፊያውን ክብደት ይሆንብኛል ብዬ ተውኩት። ሆዴ የመንፊያውን አስር እጥፍ ይመዝናል፤ እሱን ግን ይዤው ወጣሁ።

ሜዳውን በረርኩበት። ማሽላ ውስጥ የነበሩ ገበሬዎች ቀና ብለው ሲያዩኝ ያደነቁኝ መስሎኝ እጄን አነሳሁላቸው። አቀበቱ ሲጀምር ማርሹን አቀለልኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አቀለልኩ። የሚቀልል ማርሽ ሲያልቅ ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። ጭነት የተሸከመ አህያ ከኋላ ደርሶ ቀደመኝ። ነጂው ጨዋ ሰው ነው፤ እንዳላየ ሆኖ አለፈ።

ሦስተኛው ጥምዝ ላይ እንደገና ወጥቼ ስነዳ የኋላው ጎማ "እስስስ" አለ። የግራር እሾህ ነው። ቀዳዳውን የምለጥፍበት ማስቲሽ ነበረኝ፤ ለጠፍኩት። መንፊያ ግን የለም። ሰው አለመኖሩን ግራ ቀኝ አይቼ በአፌ ሞከርኩ። ከዚያ ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ውሃዬ አልቋል፤ ፀሐዩ አናቴን ይጠብሰኛል። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ።

ብዙ ሳልቆይ አንድ ሽማግሌ ሁለት ግመል እየሳቡ ከላይ ወረዱ። አንደኛው ግመል እህል ጭኗል፤ ሌላው ባዶውን ነው። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ውሃም ሰጡኝ።

"ወዴት ስትሄድ ነው ልጄ?" አሉኝ።

"የትም አባቴ። ልምምድ ላይ ነኝ።"

"የትም? ከብት ጠፍቶብህ ነው?"

"አይ፣ ለሰውነቴ ብዬ ነው።"

ቁምጣዬን አዩ። ከዚያ ፊቴን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አብሽር። አላህ ያሽርህ" አሉኝ።

ባዶውን ግመል አንበርክከው ብስክሌቴን በገመድ አሰሩበት። እኔም ልውጣ ይሆን ብዬ ጠጋ አልኩ።

"አንተ በእግርህ ና" አሉ። "ለሰውነትህ ነው አላልክም?"

ቆቦ ስንገባ ገበያው ሞቅ ብሏል። ባጃጆች ቆመው አሳለፉን። ከሁሉም ሰው መርጦ ያገኘኝ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ነው።

"መምህር፣ ውድድሩ በግመልም አለ እንዴ?"

አፌን ሳልከፍት ሽማግሌው መለሱልኝ። "ተወው ወንድሜ፣ አሞት ነው።"

ሰኞ መምህራኑ ተራ በተራ ጤንነቴን ጠየቁኝ። አንዱማ ብርቱካን ይዞልኝ መጥቶ ነበር።

በውድድሩ ከአስራ አንድ ሰው ስምንተኛ ወጣሁ። ከኋላዬ ከቀሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ወድቆ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ መንገድ ላይ ሻይ ቤት ገብተው ነው። ይህንን ለጠየቀኝ ሁሉ አልተናገርኩም፤ "ስምንተኛ" ብዬ ዝም ነው የምለው።

ከወር በኋላ ወደ ዞብል ተመለስኩ፤ ለማንም ሳልናገር። አምስት ጊዜ ወርጄ ገፋሁ። አንዴ መንገድ ዳር ተጋድሜ ልመለስ ወይስ ልቀጥል እያልኩ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። የመኪና መንገዱ ከፍ ብሎ የሚያልቅበት ጫፍ ስደርስ የሚያጨበጭብልኝ አልነበረም፤ ጉልበቴን ይዤ እንደልቤ አቃሰትኩ። ቁልቁለቱን ስመለስ ግን ፍሬኑን ለቅቄ ጮህኩ። የደስታ ጩኸት ነው፤ ትንሽ የፍርሃትም አለበት።