ጆንያው ላይ የተቀመጠችው ልጅ

ያ የቴሌቪዥን የንግድ ውድድር ደባርቅ ከመጣ ዓመታት አልፈዋል። የእኔ ንዴት ግን አላለፈም።

ቡድናችን ሦስት ሰው ነበር። እኔ መሪ ተባልኩ። አንዱ ከበግ ጸጉር ቆብ የሚሠራ የበየዳ ልጅ ነው። ሦስተኛዋ የነጋዴ ልጅ ናት፤ አባቷ ውድድሩን ካለፈች የሱቃቸውን ግማሽ ሊለቁላት ቃል ገብተውላታል። የተሰጠን ሥራ ቆቡን ሁሉ በአንድ ቀን ሸጦ መጨረስ ነበር።

ጠዋት ዕቃ ሳንዘረጋ የቆብ ሠሪው አጎት መጡና እኔንና እሷን ለብቻ ጠሩን። በየዳ ያለችው የልጁ እህት አርፋ ትናንት ተቀብራለች። እኛ ዘንድ መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም፤ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ ንጋት ላይ ነው የሚረዳው።

«እስከ ነገ መናኸሪያ እንዳይወርድባችሁ» አሉን። «የበየዳ ሰው ሁሉ የሚወርደው እዚያ ነው። ከመንገደኛ አፍ እንዳይሰማው፣ አደራ ልጆቼ።»

ቆብ ሠሪው ደግሞ መናኸሪያ ካልሄድን አለ። ልክ ነበር። ከቆላ ተነስቶ ሊማሊሞን የወጣ መንገደኛ ደባርቅ ሲደርስ ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ ቆብ የሚሸጠው እዚያ ነው። ሰበብ ደረደርን። አልሰማ ሲል እሷ ቆብ የሞላውን ጆንያ ጎትታ ተቀመጠችበት። ካሜራው ፊቷ ላይ ነበር። እሱ በንዴት፣ የሠራሁት እንዳይሸጥ ትመቀኘኛለች አለ። እሷ ከጆንያው አልተነሳችም።

ግማሹ ቆብ ሳይሸጥ ዳኞቹ ፊት ቀረብን። ለምን ከለከልሽው ቢሏት ዝም አለች። ወደ እኔ ዞሩ። እሱ አጠገቤ ቆሟል።

«አላውቅም» አልኩ።

የመግባባት ችግር አለባት ብለው አሰናበቷት።

ንጋት ላይ መርዶው ተነገረው። እኛም ከለቅሶው በኋላ ወደ ውድድሩ አልተመለስንም። የፕሮግራሙን አዘጋጅ አግኝቼ ነገሩን ከሥሩ አስረዳሁትና፣ ጠቡን ቆርጣችሁ አውጡት ብዬ ለመንኩት። ሐዘናችንን ከልቡ እንደሚካፈል ነገረኝ፤ ጠቡ ግን ለፕሮግራሙ ድምቀት ይሰጣል አለ። ድምቀት! የልጅቷ ስም ጠፍቶ ነው የሚደምቀው? ሲተላለፍ ጭራሽ ጆንያው ላይ ስትቀመጥ የሚያስፈራ ሙዚቃ ጨምረውበታል። እስከ ዛሬ ያን ሙዚቃ ባስታወስኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሻይ ቤት ተሰብስበን ነበር ያየነው። እሷ በቴሌቪዥኑ ብቅ ስትል አንዱ «ምቀኛዋ መጣች» ብሎ ሳቀ። ቆብ ሠሪው ጥቁር ለብሶ ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ ብድግ አለ።

«መርዶዬን ይዛልኝ ነው የዋለችው» አለ። ሻይ ቤት ያለው ሰው ሰማ። ግን ሌላው አገር በቴሌቪዥን ያየው ሰው ይህን ከየት ይሰማል?

በማግስቱ አባቷ ሱቅ ሄድኩ። ውድድሩን ስላላለፈች ቃላቸው ቀርቷል፤ እንደ ድሮው ለእሳቸው ስኳር ትመዝናለች። ስለ አዘጋጁ ነውረኝነት፣ ስለ ዳኞቹ፣ ስለ ሙዚቃው ተንጨረጨርኩ። ሚዛኑ እስኪረጋ ጠበቀች።

«እነሱስ የሚያውቁት ነገር አልነበረም» አለችኝ። «አንተ ግን፣ እኔ ነኝ ያዘዝኳት ብትል ምን ነበረበት? መሪው አንተ አልነበርክ?»

ስኳሩን ቋጥራ ለደንበኛዋ ሰጠችና ቀጣዩን ምን ልስጥህ አለችው።