ተገልብጦ የተሰቀለው የፊደል ገበታ

ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ በትክክል አልነግራችሁም። የደርግ ጊዜ ነው፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እስቴ ገጠር፣ እኛ መንደር ድረስ የገባበት። ገብሱ ተወቅቶ ባቄላው ገና አውድማ ላይ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ የምንማርበት የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ሁሉ የአዲስ ገለባ ሽታ ይሸት ነበር። ዓመቱ ጠፍቶብኝ ሽታው መቅረቱ ለራሴም ይገርመኛል።

ያስታወሰችኝ የልጄ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ሰሞኑን ለዕረፍት መጥታ ፊቷ ጠቆረብኝና ምን ሆነሻል አልኋት። የምታስተምረውን ትምህርት እንደ አዲስ እያደራጀችው ነው። እሷ ሰዓቱን ሙሉ ተናግራ ተማሪዎቹ ከሚገለብጡ፣ ራሳቸው እየሠሩ፣ እየተከራከሩ፣ እየተሳሳቱም እንዲማሩ። አለቆቿ ግን ክፍሉ ገበያ መሰለ፣ ምዕራፉም አላለቀም፣ ወደ ድሮው ተመለሽ ብለዋታል። ተማሪዎቹም ዝም ብለሽ አስጽፊን ይሏታል።

«ልተወው ነው መሰለኝ፣ አባባ» አለችኝ።

«እንዳትተዪው» አልኋት። የተቀቀለ ድንች ቀርቦልን ነበር፤ እየላጥን ይህንን አጫወትኋት።

ያን ጊዜ ዕድሜዬ ሃያን ብዙም አላለፈም ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሰሜን፣ ጦር ግንባር ነበር። ደብዳቤው ሲመጣ የሚያነብልን የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ የተጻፈውን ወረቀት አገላብጦ ያይና «ደህና ነኝ ይላል፣ ሰላም በሉልኝ ይላል» ብሎ አጥፎ ይመልስልኛል። እናቴ «ሌላስ?» ስትለው «ይኸው ነው» ይላታል። ሁለት ገጽ ሙሉ ሰላምታ ይሆናል እንዴ? ፊደል ልማር ያልሁት ለዚያች ወረቀት ነው፤ ለሌላ ለምንም አልነበረም።

አስተማሪያችን ዩኒቨርሲቲ ስትማር ቆይታ የዘመተች፣ ቀጭን፣ ሳቋ የማይርቅ ልጅ ነበረች። መምህርት እንላታለን። ገበታውን ሰቅላ በዘንግ ታሳየናለች፣ እኛ እንቀበላታለን። እኛ አገር ደግሞ ዜማ ማን ያጣል? የቄስ ተማሪ ድምፅ እየሰማን ነው ያደግን። ከሀ እስከ ፐ በአጭር ጊዜ አወረድነው። በተለይ አንዲት ባልቴት ጎረቤቴ ከፊት ተቀምጠው ያስጀምሩን ነበር። ድምፃቸው የመሪጌታ ድምፅ ያስንቃል።

አንድ ቀን ንፋስ ገበታውን ጥሎት ኖሮ፣ ያነሣው ሰው ገልብጦ ሰቀለው። ልብ ያለ የለም። መምህርት ዘግይታ ስትደርስ እኛ የተዘቀዘቀውን ፊደል ትክ ብለን እያየን፣ አንድም ሳንስት አዚመን ጨረስን። በሩ ላይ ቆማ ሰማችን። መጀመሪያ ሳቀች፤ ኋላ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «እኛም ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ስናዜም ነው የከረምን። አስተማሪ ይናገራል፣ እንጽፋለን፣ በፈተና ቀን ቃሉን እንመልስለታለን።»

ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ ሌላ ሆነ። ስሙን ልትጽፉት የምትፈልጉትን ዕቃ ከየቤታችሁ ይዛችሁ ኑ አለችን። እኔ ቀንበር ተሸክሜ ሄድሁ፤ ሌላው ሞፈር፣ ባልቴቷ እንስራ። በየዕቃው ላይ ስሙን በጠመኔ ጻፈችና አሰልፋ፣ ምናቸው ይመሳሰላል ብላን ዝም አለች። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። አንዱ «እኛ ካወቅነው እሷ ምን ልታደርግ መጣች?» ብሎ አሳቀብን። እሷ ግን አልነገረችንም። እየዞርን አየን፣ ተጨቃጨቅን፣ ተሳሳትን። የቀንበርና የሞፈር መጨረሻ አንድ መሆኑን ያየሁት እኔ ነኝ። ያችን ር ዛሬም ከመንጋ መሃል እንደምለያት ላሜ አውቃታለሁ። ባልቴቷ ደግሞ የእንስራዋን ራ አይተው «ይቺ የእነዚያ ዘመድ ናት» አሉ። አዘገመን፤ የያዝናት ፊደል ግን አታመልጥም ነበር።

ማዝገማችን ነው ጣጣ ያመጣው። አንድ ቀን ከወረዳው ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ካድሬ መጣ። ሌላው መንደር ሁሉ ጨርሷል፣ የቀረን እኛ ነን አለ። ገበታው ይሰቀል፣ ሀሁን በሉልኝ፤ ካላችሁ ከመሃይምነት ነጻ ወጥተዋል ብዬ እጽፋለሁ፣ መምህርቷም ወደ ሌላ ቦታ ትሄዳለች አለ። መምህርት ገና ናቸው ብትለው አንቺን አልጠየቅሁም አላት።

ነገሩ ገባኝ። አንዴ ካዜምን ትምህርቱ አበቃ። የወንድሜ ደብዳቤ ዕድሜ ልኩን «ደህና ነኝ ይላል» ሆኖ ሊቀር ነው።

ተነሣሁ። ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ገበታውን ከምስማሩ አወረድሁና ገልብጬ ሰቀልሁት።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለኝ ካድሬው።

«እንዲህም ሆኖ እንለዋለን፣ ጓድ። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አናውቀውም።»

«አልማርም ባይ አድኃሪ ነህ።»

«እምቢ ያልሁት መማርን አይደለም። ሳልማር ተምረሃል መባልን ነው።»

ወንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ። ብቻዬን ቀረሁ ስል፣ ባልቴቷ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ዘንጉን ከመምህርት እጅ ተቀብለው የተዘቀዘቀውን ገበታ ከላይ፣ ፐ ካለበት እየጠቆሙ፣ በዚያ ድምፃቸው «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» አሉ። ሰዉም ገባውና ተቀበላቸው። እስከ ፐ አደረሱት።

«ይኸው አልን፣ ልጄ» አሉት። «ጻፈው እንግዲህ።»

ከኋላ ሳቅ ተነሣ። ካድሬው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ አልጻፈም። እኔን ግን ሦስት ቀን የማኅበሩ እህል ቤት አስቆለፈብኝ። የገብሱ አቧራ ሲያስለኝ ዋለ፣ ሲያስለኝ አደረ። ባልቴቷ ከትምህርት ሲመለሱ በበሩ ሥር በሶና የተሰበረ እንስራ ገል ያስገቡልኛል። ገሉ ላይ የዕለቱ ቃል ተጽፏል። አያነቡልኝም፤ ከበሩ ወዲያ ቆመው እኔ እስካወጣው ይጠብቃሉ። አቃተኝ ስል «ፈልገው፤ ምን ሌላ ሥራ አለህ?» ይሉኛል።

ትምህርቱ ሳይዘጋ ብዙ ቆየ። ቀጥሎ የመጣውን ደብዳቤ ያነበብሁት እኔ ነኝ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ጸሐፊው አልዋሸም ኖሯል፤ አሳጥሮት ነው። ደህና ነኝ ይላል። ከዚያ ደግሞ ቦራው በሬ እግሩ ዳነ ወይ፣ የወንዝ ማዶውን እርሻ ዘራችሁት ወይስ ጦም አሳደራችሁት፣ እናቴን ጥርሷን ተሻላት ወይ ይላል። ለጸሐፊው ከቁም ነገር የማይገባ ነው። እናቴ ግን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጥርሷ እሱ ፊቷ የተቀመጠ ይመስል መለሰችለት።

የልጄ ልጅ ድንቹን ትታ ስትሰማኝ ቆየች። ምዕራፉ አላለቀም ካሉሽ፣ አዎ አላለቀም በያቸው አልኋት። ዛሬም ያ ካድሬ ቢመጣ ገበታውን እገለብጥበታለሁ። የአሁኑ ፍርሃቴ ግን ስነሣ እንዳልወድቅ ብቻ ነው።

ሳቀች። ያዘጋጀችውን ትምህርት እንደያዘች፣ አንዲት መስመር ሳትሰርዝ በማግሥቱ ተመለሰች። ከመሄዷ በፊት ግን «የባልቴቷን ስም አልነገሩኝም» አለችኝ።

አልነገርኋትም። እስክሪብቶዋን ተቀብዬ ደብተሯ ጥግ ላይ ቀስ ብዬ ጻፍሁና፣ ራሷ እንድታነበው ሰጠኋት። እማማ ማንጠግቦሽ።