በሁዳዴ የቆላሁት የዱባ ፍሬ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ኃጢአቴን ስዘረዝር እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴን እሰበስባለሁ። ለአንተ፣ ለማታውቀኝ፣ ልንገርህ።

ዮርዳኖስ አገር፣ ጀበል አማን የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ሕንፃ ጠባቂ ነኝ። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ነገር መመርመር ግን እወዳለሁ። የዱባ ፍሬ ስቆላ ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ አንድ ነገር ነበር፤ ሚጥሚጣው ፍሬው ላይ ለምን አይቀመጥም? በዘይት ሞከርኩ፣ በጨው ውሃ ሞከርኩ፤ ቅመሙ መጥበሻው ላይ ይቀራል። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ማዳም ለውዟን በእንቁላል ነጭ ስታሽ አየሁ። እኔም እንደዚያው ለወስኩና ፉርን፣ መጋገሪያው ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ሚጥሚጣው ፍሬውን እንደ ቆዳ ለበሰው! የእንቁላል ሽታ እንኳ የለውም።

ጊዜው ሁዳዴ ነው። እኔ ስኳሬን አመካኝቼ አልጾምም። ወርቅነሽ፣ ሕንፃውን በሰዓት እየተከፈላት የምታጸዳው የአገሬ ልጅ፣ ስታልፍ ከሳህኔ ዘገነች።

«ጋሼ! ምን አስነክተውት ነው? ለካ ሚስት ያላገቡት ሙያዎን እንዳትቀማዎት ነው!»

ሳቅሁ። እንቁላል አለበት ማለት ሁለት ቃል ነው፤ አላልኩም። ምስጋናው ጣፈጠኝ። ልጇ አገር ቤት ለልብ ቀዶ ጥገና ተኝታባት፣ ወርቅነሽ ጾሙ እስኪፈታ የፍስክ ነገር አንዳች ላትቀምስ መሳሏን አውቅ ነበር።

የመጀመሪያው እፍኝ ስህተት ነው እንበል። ሁለተኛውስ? በየሳምንቱ የቆላሁላት እኔ ነኝ። በፌስታል አስሬ «ለመንገድሽ» ያልኳት እኔ ነኝ። «የጾም ነው አይደል?» ስትለኝ «ቅመም ብቻ ነው፣ ልጄ» ያልኳትም እኔው ነኝ። ለምን? ስመረምረው እኖራለሁ፤ ከአንዲት «እጅዎ ይባረክ» በቀር ያተረፍኩት የለም።

ልጅቷ ዳነች። ስለቱ ተሰብሮ ሳለ እንዴት? እግዜር ሳታውቅ የበላችውን አልቆጠረባትም ይሆን? ማወቅ ያምረኛል። የልጅቷ መዳን ግን እኔን አያነጻኝም። ወርቅነሽ ዛሬም ጁበይሃ ሰፈር፣ ቤቷ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ሃምሳ አምስት ቀን የፍስክ ነገር አፌ አልገባም» ትላለች። ያን ውሸት በንጹሕ አፏ ያኖርኩት እኔ ነኝ።

እሷ እንደበደልኳት ሳታውቅ ቄሱ «ይፍታህ» ቢሉኝ ምን ይረባኛል? ዓርብ ቤቷ እሄዳለሁ። አርጅቼ ነው፣ ረስቼ ነው አልላትም። እንቁላል አበላሁሽ፣ እያወቅሁ፣ እላታለሁ። ከዚያ ወዲያ ይቅር ማለትም፣ ከደጇ ማባረርም የእሷ ፈንታ ነው።