ጋሽ ብልቃጥና የተገላበጡት እጆች

የትምህርት ቤታችን የላብራቶሪ ሠራተኛ ዓይኑ ደክሟል ይባላል። ለኤግዚቢሽኑ ቀን የፕላስቲኩን አጽም ቀኝ እጅ በግራ፣ ግራውን በቀኝ ገጥሞ በእንግዳ ፊት አዋረደን፤ ቀኝና ግራውን የማይለይ ሰው ጡረታ ይውጣ ይባላል። ወሬው ከመምህራን ክፍል ተነስቶ በጽሕፈት ቤቱ በኩል ዞሮ ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ፣ ሰውየው አጽሙን ጭራሽ ዘቅዝቆ ሰቅሎት ነበር።

እጆቹ መገላበጣቸው እውነት ነው። የቀረው ውሸት ነው። ጋሽ ብልቃጥ (ተማሪው ሁሉ የሚጠራው እንዲህ ነው) ጎረቤት መጋረጃ መቀየሩን ከመንገድ ማዶ የሚለይ ዓይን አለው። እጆቹን ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በገዛ ካቻቪቴው ፈትቶ፣ አውቆ ነው አገላብጦ የገጠማቸው። ያየችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች፤ እኔም አልተናገርኩም፣ ጻፍኩት እንጂ።

ሰውየው መምህር አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ብልቃጥ አጥቧል፣ ማይክሮስኮፕ ወልውሏል፣ የተማሪ እጅጌ ሲቀጣጠል ውኃ ደፍቷል። ባለቤቱ፣ "ከቤትህ ሰሃን ይልቅ የመንግሥት ብርጭቆ ያሳሳሃል" ትለዋለች።

"የቤቱንማ አንቺ ትሰብሪዋለሽ፤ ምን ቀረኝና ልሳሳለት!" ይላታል። ከዚያ ሁለት ቀን ኩርፊያ ነው።

ያ ሳምንት የክበባት ሳምንት ነበር፤ ትምህርት ቤቱ በዓመት አንዴ ያለ የሌለውን የሚያወጣበት። ሁሉም ለመበደር የሚመጣው ደግሞ ብልቃጥ ዘንድ ነው። ሰኞ የዘጠነኛ ክፍል ሴቶች በዱላ ቅብብል የትምህርት ቤቱን ሪከርድ ሲሰብሩ የተለኩት በላብራቶሪው ሰዓት ነው። ማክሰኞ የክርክር ቡድናችን የጎረቤቱን ትምህርት ቤት አፍ ሲያስይዝ፣ "ደቂቃህ አለቀ" የሚባለው የእሱን ብርጭቆ በማንኪያ እየመቱ ነበር። ለረቡዕ ቴአትር ደም የሚሆን ቀይ ቀለም ወሰዱ። ቀለሙ አልለቅም አለና፣ መድረክ ላይ የታረደው ንጉሥ ዓርብ የሒሳብ ሽልማቱን የተቀበለው አንገቱ እንደቀላ ነው።

የብልቃጥ ልብ ግን የሐሙሱ ኤግዚቢሽን ላይ ነበር፤ በአንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ምክንያት። ጓደኞቿ "ሳይለንት" ይሏታል፣ ድምፁ እንደተዘጋ ስልክ። የጽሑፍ ፈተና ላይ የሚደርስባት የለም፤ ክፍል ውስጥ አፏን የከፈተችበትን ቀን ግን የሚያስታውስ አልተገኘም። ሐሙስ አጽሙ አጠገብ ቆማ ለዳኞች ማስረዳት ነበረባት። ከሁሉ የተሻለ ያስረዳ አንድ ተማሪ ትምህርት ቤቱን ወክሎ ለትልቁ ውድድር ይሄዳል።

ረቡዕ ከሰዓት ለልምምድ መምህራን ፊት አቆሟት። ወለሉን እያየች አምስት ደቂቃ ሞላት። የባዮሎጂ መምህሩ ስሟን ሊሰርዝ እስክሪብቶውን አወጣና ወደ ብልቃጥ ዞረ።

"ጋሼ፣ ይቺ ልጅ አትናገርም። እሳተ ገሞራ የሠራውን ልጅ እናስገባ። እሱ ሳይጠየቅም ያወራል።"

"እስከ ነገ ተዋት፤ የዛሬን ለእኔ ስትል።"

"ነገ ምን ይመጣል?"

"ሐሙስ ነዋ!"

መምህሩ እየሳቀ እስክሪብቶውን ከተተ።

ብልቃጥ አንድ ነገር ያውቃል። ልጅቱ ከትምህርት በኋላ ላብራቶሪ እየመጣች፣ ተማሪዎች "ቀጮ" የሚሉትን ያን አጽም ቆማ ታይ ነበር፤ ቃል ሳትተነፍስ። አንድ ቀን አቧራ እየጠረገ ለራሱ ሲያጉረመርም የጭኑን አጥንት "ይሄ ክንዱ" አለ። የእውነት ተሳስቶ ነው። ከበስተኋላው ድምፅ መጣ።

"የጭን ነው።"

ዞሮ ቢያይ ከእሷ በቀር ሰው የለም። "ቀጮ፣ አንተ ነህ የተናገርከው?" አለው አጽሙን።

ልጅቱ ሳቋን ዋጠች። በማግስቱ ብልቃጥ አውቆ ተሳሳተ፤ አሁንም አረመችው። ለካ ይቺ ልጅ ስህተት እያየች ዝም ማለት አይሆንላትም፤ ያሳክካታል። ሦስት ወር ሙሉ ሰውየው መንጋጋን ትከሻ፣ ጉልበትን ክርን እያለ ሲሳሳት ከረመ።

"ጋሼ፣ ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ምን ሲሠሩ ነበር?" አለችው በመጨረሻ።

ይቺን ዘለፋ ማታ ለባለቤቱ እንደ ሹመት ነገራት።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ዳኞቹ ገቡ። ዋናው ከትምህርት ቢሮ የመጡ፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሱፐርቫይዘር ናቸው። ልጅቱ የማመልከቻ ዱላዋን ይዛ ቀጮ አጠገብ ቆመች።

"እሺ የኔ ልጅ፣ ጀምሪ።"

ምንም። ዳይሬክተሯ አሳላት። እሳተ ገሞራው ልጅ ኮሌታውን አስተካከለ። ብልቃጥ ጥግ ላይ ቆሞ ደረቅ ብልቃጥ ያደርቃል። ልጅቱ ዓይኗን ከወለሉ አንስታ ከዳኞቹ ለመሸሽ ወደ ቀጮ ዞረች፤ ዓይኗ እጁ ላይ ቀረ።

"እጁ ተሳስቷል።"

"ምን አልሽ?"

"ቀኙን በግራ ገጥመውታል። አውራ ጣቱን ይዩት... እጅዎን ያምጡት እስቲ!"

ሱፐርቫይዘሩ ሳያስቡት እጃቸውን ሰጧት። ይዛ ከቀጮ እጅ ጋር እያስተያየች ቆጠረችላቸው፤ ስምንት አጥንት አንጓው ላይ፣ አምስት መዳፉ ውስጥ፣ አሥራ አራት ጣቶቹ ላይ። ከእጅ ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ ትከሻ ወጣች፤ አላቆመችም። የተመደበላት አሥር ደቂቃ ነበር፤ ሃያ አምስት ሲሞላም ያስቆማት የለም።

ሲያበቃ ሱፐርቫይዘሩ እጃቸውን አዲስ እንደተሰጣቸው ሁሉ አገላብጠው እያዩ፣ "ለመሆኑ እንዲህ የገጠመው ማን ነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ" አለ ብልቃጥ። "ቸኩዬ ነው። ዓይኔም እንደ ድሮው አይደል።"

ዳይሬክተሯ አንገቷን ደፋች። ልጅቱ ግን ሰውየውን ትክ ብላ አየችው። ስህተት እየሰማች ዝም ስትል ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

ዓርብ ለውድድሩ መመረጧ በማይክሮፎን ተነገረ። ከሽልማቱ በኋላ መምህራን ክፍል ብስኩትና ለስላሳ ቀረበ። ዳይሬክተሯ ደግ ሴት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የጀመረችው።

"ጋሼ፣ ተነጋግረንበታል። መነጽር እናሠራልዎታለን። እስከዚያ የአጽሙን ቁም ሣጥን የባዮሎጂ መምህራችን ይያዘው፤ ልጅቱንም ለውድድሩ እሱ ያዘጋጃት።"

ብልቃጥ ቁልፉን ከቀለበቱ ለማውጣት ትንሽ ታገለ። አውጥቶ ብስኩቱ ሳህን አጠገብ አኖረው።

መምህሩ ቁልፉን አንስቶ ኪሱ ከተተ። "እኔ ድሮም እንደምትናገር አውቅ ነበር" አለ። "ልጆች ትንሽ ማበረታታት ብቻ ነው የሚፈልጉት።"

"እንግዲያው ሰኞ ክፍል ስትገባ" አለው ብልቃጥ፣ "ሰሌዳው ላይ አንድ ስህተት ጻፍና ዝም በል። ስንቱ ልጅ አፍ እንዳለው ትቆጥራለህ።"

አንዱ ጠርሙስ ከፈተ፣ ሌላው ብስኩት አነሳ።